ቦዩም ቅርስ ነው

ውኃ የተቋረጠበት ወፍጮ ቤት ግድግዳው ቢለሰንና በሩ ቢታደስ፣ ድንጋዩ እስካልዞረ ድረስ ታደሰ ሊባል አይችልም። ለማንኛውም ገበሬ ግልጽ የሆነው ይህ እውነት፣ ስለ ላሊበላ ጥገና ሲነሣ ለምን ይዘነጋል?

የላስታ ጠራቢዎች አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ሲፈለፍሉ ዐምድና ቅስት ብቻ አልቀረጹም። ሕንፃው ከምድር ወለል በታች ስለሚወርድ፣ የክረምቱ ዝናብ በየጉድባው እንዳይታቆር ወለሉን ተዳፋት አደረጉት፤ መውረጃ ቦይም ቀደዱለት። እንግዲህ ቦዩ ሕንፃውን ለዘመናት ያቆመ የጥበቡ አካል እንጂ በኋላ የተለጠፈ ተጨማሪ አይደለም።

ነገር ግን ቦዮቹ ለብዙ መቶ ዓመታት በአፈር ተደፍነው ኖሩ። በሃያኛው ምዕተ ዓመት ቢጠረጉም የምድር መናወጥ መስመራቸውን አዛብቶታል። መውጫ ያጣው ውኃ ወደ አለቱ ሠረገ። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ሥፍራ ዋነኛ ጠላቱ ይህ ውኃ ነው።

መፍትሔው ግን ዘወትር ከላይ ሲፈለግ ኖሯል። በአንድ ወቅት ጣሪያው ሬንጅ ተቀባ፤ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በሳንድሮ አንጀሊኒ መሪነት የተካሄደው ጥገና ያንኑ ሬንጅ ማንሣት ግድ ሆነበት። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ጊዜያዊ የተባለ የብረት መጠለያ ተተከለ፤ ጊዜያዊነቱ ግን ከአሥር ዓመት አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2018 የከተማው ሕዝብ ስለ መጠለያው አደባባይ ወጥቶ ሥጋቱን አሰማ።

መጠለያ ዝናብን እንደሚከላከል አንክድም። የተሰነጠቀ ጣሪያም በቦይ ብቻ አይድንም። ሆኖም ከላይ የተጠለለ ሕንፃ ከሥሩ ከረጠበ ምን ተረፈው? ቦይ መጥረግ የቀን ሠራተኛ ተራ ሥራ ነው የሚሉም አይጠፉም። ይህ የእጅ ሙያን የናቀ የቆየ አስተሳሰብ ነው። አለት ፈልፍሎ ውኃን በተዳፋት የመራ ሰው መሐንዲስ ነበር።

ስለዚህ የተዛባው ተዳፋት በባለሙያ ይለካ፤ ከየክረምቱ በፊት ቦዩ በአካባቢው ሕዝብ ይጠረግ፤ ለዚህም ቋሚ በጀት ይመደብ። መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ ቅስቱ ብቻ ሳይሆን ወደ ቦዩም ይውሰድ። ሠዓሊውም ጉድባውን ይሣል። ቅርስ የሚጠበቀው ሥራውን እንዲሠራ ሲደረግ ነው።