ርእሰ አንቀጽ፦ የጓሮ ቲማቲማችንን ለይተን እንወቅ፣ ዘሩንም እንያዝ



በየጓሯችን ሁለት ሦስት እግር ቲማቲም አይጠፋም። ዓይነቱ ምንድነው ብንባል ግን አብዛኞቻችን «ቲማቲም ነዋ!» ከማለት በቀር መልስ የለንም። ቲማቲም ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም።

አንደኛ፣ ወፍ ዘራሹ አለ። ፍሬው ትንንሽና ክብ ሆኖ ከፍግና ከአመድ ላይ ሳይዘሩት ይበቅላል። ቆዳው ስስ ስለሆነ ቅርጫት ውስጥ ይፈነዳል፤ ለገበያ አይሆንም። ለወጥ ግን ጣዕሙ ሌላ ነው፤ ለረጅም ጊዜም ይለቀማል።

ሁለተኛ፣ ሮማ ቪኤፍ የሚባለው ሞላላው ነው። ሥጋው ወፍራም፣ ውኃው ጥቂት ስለሆነ ለስልስ ይስማማል፤ መንገድም ይችላል። ፍሬውን ባንድ ሰሞን ያደርሳል። «ቪ» እና «ኤፍ» የሚሉት ፊደላት ሁለት የሚያጠወልጉ በሽታዎችን እንደሚቋቋም ያሳያሉ። ምች ሲመጣ ግን ይህ አያድነውም።

ሦስተኛ፣ ማርግሎብ ነው። በ1925 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣ ትልቅና ክብ ዘር ነው። በጥሬው ለመብላት ይመረጣል፤ ደጋፊ እንጨት ግን ይፈልጋል።

እነዚህ ሁሉ ዘራቸው ተይዞ ቢዘራ ልጁ እናቱን ይመስላል። ከሱቅ የሚገዛው ዲቃላ ግን እንዲያ አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ያፈራል፤ ዘሩን መልሰን ብንዘራው ግን አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ሞላላ ይወጣል። ዘር ከልጓም ይስባል ማለት ይኸው ነው። ስለሆነም በየዓመቱ መግዛት ግድ ይሆናል። ለገበያ የሚያመርት ሂሳቡን አስቦ ይግዛ፤ አንከለክልም። ነገር ግን ወፍ ዘራሹ ከጓሯችን ከጠፋ ከየትኛው ሱቅ ልንገዛው ነው?

በ1977ቱ ድርቅ ዘሩን በልቶ የጨረሰ ገበሬ ዝናቡ ሲመጣ የሚዘራው አጥቶ እንደነበር ታላላቆቻችን ያውቁታል። ለጅጉርቴና ለደጋሌት ማሽላ ራሱን መርጠን ጭስ ላይ እንሰቅላለን። ለቲማቲሙስ?

እንግዲህ ማኅበራችን የሚከተለውን ያሳስባል፦

1. ያላችሁን ዓይነት ባንድ መደብ ላይ ጎን ለጎን ትከሉ። ውኃውም ፍጉም እኩል ይሁን። የትኛው ቀድሞ እንደደረሰ፣ የትኛውን ምች እንደመታው፣ ስንት ፍሬ እንደተለቀመ ልጆች በደብተር ይጻፉ። ቲማቲም በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ዘሩ ይደባለቃል ብላችሁ ብዙ አትስጉ።

2. ዘር የሚያዘው ከጤነኛው እግር፣ በደንብ ከቀላው ፍሬ ነው፤ ከተረፈው ቅራሪ አይደለም። ከነልጋጉ በኩባያ ጨምቁት፤ ሁለት ሦስት ቀን ይቆይ። ከዚያ ታጥቦ በጥላ ይድረቅ። በወረቀት ጠቅልላችሁ ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉበት።

3. ከያዛችሁት ላይ ቆንጥራችሁ ለጎረቤት ስጡ። ያንዱ ጓሮ በምች ቢጠፋ ዘሩ ከሌላው ቤት ይገኛል።

የማኅበሩ ጸሐፊ