ሁለተኛ ሽቦ መዘርጋት ብቻውን ዋስትና አይሆንም

በዛሬው ዘመን በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚገኙት ኮምፒዩተሮች እርስ በርሳቸው የሚገናኙት ስዊች በሚባለው መሣሪያ አማካይነት መሆኑ የታወቀ ነው። መዝገቡም፣ ሒሳቡም፣ የባለጉዳዩ ማመልከቻም፣ በሆስፒታል ደግሞ የበሽተኛው የደም ምርመራ ውጤት ሳይቀር በዚሁ መሣሪያ ያልፋል። ከአንዱ ስዊች ወደ ሌላው የሚሄደው ሽቦ አንድ ብቻ የሆነ እንደ ሆነ፣ ያ ሽቦ በተበጠሰ ጊዜ ሥራው ሁሉ ይቆማል፤ ባለጉዳዩም ደጅ ሲጠና ይውላል። ስለዚህ አስተዋዮች የሆኑ አለቆች ሁለተኛ ሽቦ እንዲጨመር ያዝዛሉ። ትእዛዙ መልካም ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ የርክክቡን ወረቀት ከፈረሙ በኋላ ነገሩ የተፈጸመ መስሎ ይታያቸዋል፤ ስሕተቱም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ሁለት ስዊቾች ያለ አንዳች ሥርዓት በሁለት ሽቦ የተገናኙ እንደ ሆነ፣ ለሁሉም እንዲደርስ የተላከው መልእክት በአንዱ ሽቦ ሄዶ በሌላው ይመለሳል፤ የተመለሰውም እንደ ገና ይላካል። መልእክቱ የዕድሜ ወሰን ያልተደረገለት ስለ ሆነ፣ እየዞረና እየበዛ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ መስመሩን ሁሉ ያጨናንቀዋል። እንግዲህ ለጥንቃቄ የተጨመረው ሽቦ ራሱ የጥፋት ምክንያት ሆነ ማለት ነው። ይህን ለማስቀረት ራዲያ ፐርልማን የተባሉት አሜሪካዊት የኮምፒዩተር ሊቅ፣ በዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ሲሠሩ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1985 ዓ.ም. መስመሮችን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚያደራጀውን ስፓኒንግ ትሪ የተባለውን ሥርዓት አወጡ። ይህ ሥርዓት ትርፍ የሆነውን መስመር ዘግቶ ያቆያል፤ የሚሠራው በተቋረጠ ጊዜም የተዘጋውን ይከፍታል። ይሁን እንጂ በፊተኛው አኳኋን መክፈቱ ከ30 እስከ 50 ሴኮንድ ይፈጅ ነበር፤ የተዘጋውም ሽቦ ዋጋው ተከፍሎበት ሥራ ፈትቶ ይቀመጥ ነበር።

ከዚህ በኋላ በ2000 ዓ.ም. በዚያው አቆጣጠር፣ አይ ትሪፕል ኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር ብዙ ሽቦዎች ተጣምረው እንደ አንድ ሽቦ የሚቆጠሩበትን ደንብ አጸደቀ። በዚህ ደንብ ሽቦዎቹ ሁሉ ይሠራሉ፤ አንዱ ቢጠፋ የቀረው ሸክሙን ይቀበላል። ሁለቱም ስዊቾች ጥምረቱ መኖሩን በየጊዜው መልእክት እየተላላኩ ያረጋግጣሉ። መልእክቱ በየ30 ሴኮንዱ እንዲላክ የተተወ እንደ ሆነ፣ በድን የሆነው መስመር እስከ 90 ሴኮንድ ድረስ ሕያው መስሎ ሊቆይ ይችላል፤ በየሴኮንዱ እንዲሆን የታዘዘ እንደ ሆነ ግን ነገሩ በ3 ሴኮንድ ይታወቃል። ሽቦው ፈጽሞ የተበጠሰ እንደ ሆነ ስዊቹ ወዲያው ያውቀዋል፤ የሚያሳስበው በመካከሉ ሌላ መሣሪያ ኖሮ ጉዳቱ ከዚያ ወዲያ በደረሰ ጊዜ፣ የስዊቹ መብራት እንደ በራ መቅረቱ ነው። ሻጮች ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል ማለታቸውም በሙሉ እውነት አይደለም፤ የአንድ ንግግር መልእክቶች ቅደም ተከተላቸው እንዳይፋለስ በአንድ ሽቦ ብቻ ይሄዳሉና። ሁለቱም ሽቦዎች እየሞሉ የሚውሉ ከሆነ ደግሞ፣ አንዱ በጠፋ ቀን የቀረው የሁለቱን ሸክም ሊችል አይችልም።

በቦስተን ከተማ ቤዝ እስራኤል ዲኮነስ በተባለው ትልቅ ሆስፒታል በኖቬምበር 2002 ዓ.ም. የደረሰው ነገር ለዚህ ሁሉ ምስክር ነው። ሆስፒታሉ መስመርና ስዊች አንሶት አልነበረም። ነገር ግን መረቡ በየጊዜው እየተቀጠለ ከመስፋቱ የተነሣ ስፓኒንግ ትሪ ሊቈጣጠረው ከሚችለው ወሰን አልፎ ነበር፤ በዚያ ላይ ብዙ መረጃ በአንድ ጊዜ ሲጫንበት ወደቀ። ሐኪሞቹና ነርሶቹ ለቀናት ያህል ትእዛዛቸውን በወረቀት እየጻፉ፣ ውጤቱን በሰው እጅ እየላኩ ሥራቸውን አካሄዱ። የክፍሉ ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ጆን ሃላምካ የሆነውን ሳይሸሽጉ በይፋ መናገራቸው ሊመሰገኑበት የሚገባ ነው፤ እንዲህ ያለው ግልጽነት በሹማምንት ዘንድ በየትም አገር ቢሆን ብዙ ጊዜ አይገኝምና።

እንግዲህ የሚፈርመው ሹም ከመፈረሙ በፊት ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ሁለቱ ሽቦዎች በአንድ ጉድጓድ የተቀበሩ ከሆኑ አንድ ዶማ ሁለቱንም ይቈርጣቸዋል። ሁለቱም በአንድ ስዊች ላይ የተሰኩ ከሆኑ ስዊቹ በሞተ ጊዜ አብረው ይሞታሉ፤ ስለዚህ ሁለት ስዊቾች እንደ አንድ ሆነው እንዲሠሩና ሽቦዎቹ በሁለቱ ላይ እንዲካፈሉ ማድረግ ይሻላል። ሁለቱ ስዊቾችም ኤሌክትሪክ የሚያገኙት ከአንድ መስመር ከሆነ ድካሙ ከንቱ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚከፋው ግን ዝምታ ነው። አንዱ ሽቦ በጠፋ ጊዜ ሌላው ሥራውን ስለሚያካሂድ የሚጮኽ ሰው የለም፤ የሚጮኽ ሰው ስለሌለም የሚጠግን አይገኝም፤ መሥሪያ ቤቱ በሁለት መስመር እሠራለሁ እያለ ለብዙ ወራት በአንድ መስመር ላይ ይኖራል። ስለዚህ አንድ ሽቦ በወደቀ ቁጥር መሣሪያው ለባለሙያው እንዲያስታውቅ ማድረግ፣ ደግሞም በየጥቂቱ ወር ቀን ተቆርጦ፣ ለሠራተኞቹ አስቀድሞ ተነግሮ፣ ሹሙ ራሱ ቆሞ እያየ አንዱን ሽቦ በእጅ ማስነቀል ይገባል። ሁለተኛው ያልሠራ እንደ ሆነ ባለሙያው በቦታው ስላለ የተነቀለውን ወዲያው ይመልሰዋል፤ ጉድለቱም ተመዝግቦ በማግሥቱ ይጠገናል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ሰውና ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለ ሆነ፣ የበጀት ማነስ ምክንያት ሊሆን አይችልም።