መንገድ ልቀቁልኝ

ባለፈው ቅዳሜ እንጦጦ ላይ ቁጭ ብለን ኖርዌይን ስናቅድ ዋልን። አራት ነን፤ አራታችንም ኮድ እየጻፍን የምንኖር። አንዱ ላፕቶፑን ከፍቶ ኤክሴል ላይ ረድፍ በረድፍ ይሞላል፦ ስቶክሆልም አንድ ሌሊት፣ በርገን ሁለት ሌሊት፣ ከዚያ ፍሎም፣ ከዚያ በጀልባ ኔሮይፊዮርድ። የፍሎም ባቡር በ20 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ860 ሜትር በላይ ቁልቁል እንደሚወርድ፣ ሶግነፊዮርድ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ የብስ እንደሚገባ፣ ጥልቀቱም ከ1,300 ሜትር እንደሚያልፍ በቃላችን ይዘነዋል። ቀይ የቀረው የቪዛው ረድፍ ብቻ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን የቪዛ መጠበቂያው ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዝሟል፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ቀርቷል። ግን ማቀድ አይከለከልም አይደል?

ከቡናው በኋላ ፎቶ ልንነሳ ባሕር ዛፉ መሃል ገባን። ቀጭኗ የእግር መንገድ ላይ ተደርድረን ቆመናል። ከኋላችን ድምፅ መጣ፦ «ልጆች፣ እባካችሁ መንገድ ልቀቁልኝ።»

እናት ናቸው። ጀርባቸው ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ እንደ ተራራ ተቆልሏል፤ ወገባቸው ታጥፏል። ወደ ሽሮ ሜዳ እየወረዱ ነው። ለቀቅንላቸው። ካለፉ በኋላ አንዱ ጓደኛችን ከጀርባ አነሳቸው። «አሪፍ ወጣች» አለ። ፎቶውን አየሁት። ሰው አይታይም፤ ቅጠልና ሁለት እግር ብቻ።

ይህን የምጽፈው ከሁለት ወገኖች ጋር ልሟገት ነው። አንደኛው ወገን ፊዮርድ ባልን ቁጥር «እንጦጦ እያለልህ፣ ሰሜን ተራሮች እያለልህ ምን ኖርዌይ ያስኬድሃል?» የሚለው ነው። ሁለተኛው እኛው ነን፤ ኖርዌይን በስልክ ስክሪን አይተን የወደድን። ስንጣላ እንውላለን እንጂ ስህተታችን አንድ ነው። ሁለታችንም ፎቶ ከፎቶ እያወዳደርን ነው።

በፎቶ ከሆነማ ክርክሩ ድሮ አልቋል። እንጦጦ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር ያልፋል። ሰሜን ተራሮች በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው፤ የኖርዌይ ፊዮርዶች ግን 2005ን መጠበቅ ነበረባቸው። ገደል አላነሰንም።

የሚያንሰን ሌላ ነው። ኖርዌይ ውስጥ በ1957 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ አለ። ያልታረሰ መሬት ላይ፣ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን፣ ማንኛውም ሰው በእግሩ መሄድ ይችላል። ከመኖሪያ ቤት 150 ሜትር ከራቀ ድንኳን ተክሎ ማደርም ይችላል። አይከፍልም፣ አያስፈቅድም። ከ1868 ጀምሮ ደግሞ አንድ የተጓዦች ማኅበር ተራራው ላይ መንገድ ያበጃል፤ ድንጋይ ላይ ቀይ «ቲ» ፊደል እየቀባ አቅጣጫ ያሳያል፤ ጠባቂ የሌላቸው ጎጆዎችም አሉት። ገብተህ ታድራለህ፣ የበላህበትንና ያደርክበትን ራስህ አስበህ ትከፍላለህ። በኛ ሙያ ቋንቋ ፊዮርዱ ስክሪኑ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ከኋላ ያለው ሰርቨር ነው። እኛ ስክሪኑን ብቻ ነው የምንመኘው።

«እነሱ እኮ ነዳጅ አላቸው» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ አላቸው። ግን ትልቁ የነዳጅ ግኝታቸው የ1969 ነው። ሕጉ በ12 ዓመት ይቀድመዋል። ማኅበሩ ሲቋቋም ደግሞ ኖርዌይ ድሃ ነበረች፤ ሕዝቧ በመርከብ እየተጫነ ወደ አሜሪካ የሚሰደድባት አገር። መንገዱን የከፈተው ገንዘብ አይደለም።

«እኛ ጋ ክፍት ቢደረግ ዛፉ በሳምንት ያልቃል» የሚልም አለ። የመራመድ መብትና የመቁረጥ መብት አንድ አይደለም። ዛፉ ይጠበቅ። ጥያቄው ሰውየውን ምን እናድርገው ነው። በሰሜን ተራሮች የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ሰፈሩ፤ ፓርኩም በ2017 እ.ኤ.አ. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ተፋቀ። ግጦሹ የዋሊያን መኖሪያ ይጎዳ እንደነበር አልክድም። ግን ፊዮርዱ ዳር ዛሬም ገበሬ ይኖራል። ኡንድሬዳል የምትባለው ትንሽ መንደር በፍየል አይቧ ትታወቃለች፤ ቱሪስቱም ጀልባ ተሳፍሮ የሚያየው ከነፍየሉ ነው። እዚያ ገበሬው የውበቱ አካል ነው። እዚህ ውበት ሲመጣ መጀመሪያ የሚነሳው ገበሬው ነው።

ደግሞ ይህ ነገር ለኛ ባዕድ አይደለም። የኖርዌዮቹ መብትም ሳይጻፍ በፊት ልማድ ነበር። እኛስ? የመሸበት መንገደኛ ደጅ ቆሞ «ቤት ለእንግዳ» ሲል «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ይግቡ» የሚባልበት አገር ነው እኮ። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል የሚወርድ ሰው ዛሬም ከየት እንደመጣ አይጠየቅም። ልማዱ ነበረን፤ ግን ወደ ሕግ አላሻገርነውም። ያልተጻፈ ልማድ ደግሞ አጥር ሲመጣ መከራከሪያ የለውም።

እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሲመረቅ ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። አሁንም እሄዳለሁ። ግን ፓርክ ሌላ ነገር ነው፤ እኔ የምለው ትኬት ስለማያስፈልገው መንገድ ነው። እነዚያን የእግር መንገዶች ያወጣቸው ማን ይመስላችኋል? ኢንጂነር አይደለም። ምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፉ ከተተከለ ወዲህ ጭራሮ ተሸክመው ሲወጡ ሲወርዱ የኖሩ ሴቶች እግር ነው። ከተማው እንጀራውን የጋገረው በእነሱ ጀርባ ነው። ተራራው ላይ የመንገድ መብት የሚገባው ሰው ካለ፣ ከእነሱ የሚቀድም የለም።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። የእንጦጦ የእግር መንገዶች ካርታ ላይ ይስፈሩ፤ ካርታውን እኛ በነፃ እንሠራዋለን፣ ሙያችን ነው። ከዚያ ለእግረኛ ሁልጊዜ ክፍት መሆናቸው በደንብ ይጻፍ፤ ስኒከር ላደረገውም፣ ጭራሮ ለተሸከመችውም። ሸክሙን ማቅለል ሌላ ትልቅ ሥራ ነው፤ ቢያንስ መንገዱን አናጥብባት።

ቪዛው ከወጣ እሄዳለሁ፤ አልዋሽም። ጀልባውም ላይ ፎቶ እነሳለሁ። ግን ይዤ ልመለስ የምፈልገው ያንን ቀይ «ቲ» ነው። ቅዳሜ ያነሳነውን ፎቶ ደግሞ ጓደኛዬ እንዲያጠፋው ጠይቄዋለሁ። እስካሁን አላጠፋውም።