«እንመለስ» የሚለው ማን ነው?

ልጆችን ለአያት አደራ ሰጥታችሁ፣ ሁለታችሁ ብቻ ድንኳን ተክላችሁ ለማደር አስባችሁ ታውቃላችሁ? ብዙዎቻችን ከሠርጋችን ማግስት ወዲህ ለብቻችን የትም ሄደን አናውቅም፤ ቅንጦት ይመስለናል። በዚህ ወር አምዳችን ስለ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ እናወጋችኋለን። እግረ መንገዳችንንም በረሃ ለባልና ሚስት ስለሚያቀርበው አንድ ጥያቄ እንነጋገራለን።

በጨፋ ሮቢትና በከሚሴ ለምትኖሩ የበረሃ ሰው እንግዳ አይደለም። በበጋ የአፋር አርብቶ አደሮች ከነመንጋቸው ወደ ጨፋ ረግረግ ሲመጡ ታያላችሁ። በደጃችሁ የሚያልፈው ቦርከናም ቁልቁል ወርዶ የሚቀላቀለው ከአዋሽ ወንዝ ጋር ነው። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ ዝናብ የት እንደጣለ፣ ውሃው የት እንዳለ፣ መንገዱ ሰላም ስለመሆኑ ይጠያየቃሉ። እናንተም ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌ አካባቢ ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ቀያቸውን ለቅቀው ነበር። ስለዚህ የመንገዱን ደኅንነት ሳታጣሩ፣ የፓርኩንም ጽሕፈት ቤት ሳትጠይቁ ጓዛችሁን አትጫኑ።

ፓርኩ በ1958 ዓ.ም. ተቋቁሞ በ1961 ዓ.ም. በሕግ የታወጀ ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ወደ ድሬዳዋ የሚወስደው ዋና መንገድ ለሁለት ይከፍለዋል። በደቡብ በኩል የኢላላ ሳላ ሜዳ፣ የአዋሽ ፏፏቴና ገደሉ አሉ። በሰሜን ደግሞ 2007 ሜትር ከፍታ ያለው የፈንታሌ ተራራና በዘንባባ የተከበበው ፍልውሃ ይገኛሉ። ማለዳ ቀንዳቸው እንደ ጦር የቀና ሳላዎች በሜዳው ላይ ሲግጡ ይታያሉ፤ ማታ የጅብ ድምፅ ይሰማል። ወንዙ አዞ ስላለበት ለመታጠብም ሆነ ውሃ ለመቅዳት አትጠጉ። አካባቢው ወባማ ስለሆነ አጎበር አትርሱ። በእግር ስትጓዙም ያለ ፓርኩ ስካውት አትውጡ።

አሁን ወደ ጥያቄው እንምጣ። ሙቀቱ በአንዳንድ ወራት እስከ 42 ዲግሪ ይደርሳል። ስለዚህ የእግር ጉዞው ጎህ ሲቀድ ተጀምሮ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ቢያልቅ ይመረጣል። ለእያንዳንዳችሁ በቀን ቢያንስ 4 ሊትር ውሃ፣ በሶና ቆሎም ያዙ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ቤታችሁ ሳላችሁ በሦስት ነገር ተስማሙ። አንደኛ፣ የእርምጃውን ፍጥነት የሚወስነው ቀስ ብሎ የሚሄደው ይሁን። ሁለተኛ፣ ከያዛችሁት ውሃ ሲሶው እንዳለቀ ፊታችሁን መልሱ። ሦስተኛ፣ ከሁለት አንዳችሁ «እንመለስ» ካለ ክርክር አይኑር።

ለምን አስቀድሞ? ሙቀት የጎዳው ሰው በመጀመሪያ ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። ሲብስበት ግራ ይጋባል፤ ያን ጊዜ ስለ ራሱ መፍረድ አይችልም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ደግሞ እንዲህ ነው። ባል «ትንሽ ነው የቀረን፣ በርቺ» ይላል፤ ሚስትም ላለማሳዘን «ደህና ነኝ» ብላ ትከተላለች። ወይም ባል ራሱ ደክሞት ሳለ ወንድነቱ አልፈቅድ ይለውና ዝም ይላል። ሁለቱም ነገር ፍቅር ይመስላል፤ በረሃ ላይ ግን ሕይወት ያስከፍላል።

ቤታችንስ? እህቴ ሆይ፣ ከሥራ ውለሽ ስትመለሺ ስንት ጊዜ «ደህና ነኝ» እያልሽ እንግዳ አስተናግደሻል? ወንድሜ ሆይ፣ ከአቅምህ በላይ የሆነውን የዘመድ ወጪ ለሚስትህ ሳትነግር ስንት ወር ተሸክመሃል? ጾሙ፣ ጸሎቱ፣ የመዘምራን ልምምዱ፣ ዕድሩ ተደራርበው ሳለ «ይህ በዛብኝ» ማለት መንፈሳዊ አለመሆን ይመስለናል። ነገር ግን ነቢዩ ኤልያስ በምድረ በዳ ከክትክታ ዛፍ ሥር ወድቆ «በቃኝ» ባለ ጊዜ በመጀመሪያ የተሰጠው እንቅልፍ፣ እንጎቻና ውሃ ነበር። ስለ መንገዱ የተነገረው ከበላና ከጠጣ በኋላ ነው።

እንግዲህ ጉዞው ዘንድሮ ባይሳካላችሁ እንኳ ስምምነቱ አይቅርባችሁ። ዛሬ ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ ሻይ አፍልታችሁ ተቀመጡና «በዚህ ወር የከበደህ ምንድን ነው? አንቺንስ የከበደሽ?» ተባባሉ። መልሱ ሲመጣ «በርታ»፣ «በርቺ» ለማለት አትቸኩሉ። ከተሸከማችሁት መካከል አንዱን አብራችሁ አውርዱ። ከዚያም ለአዋሹ ጉዞ ቀን ቁረጡ።