አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ሆቴል

ዕረፍት ማለት ከሥራ መሸሽ አይደለም፤ ሰው ኃይሉን አድሶ ወደ ሥራው የሚመለስበት ጊዜ ነው። በዚህ ረገድ ዛሬ በከተሞቻችን አንድ መልካም ልማድ እየተስፋፋ መሄዱን እናያለን። ይኸውም ደመወዝተኛው ወጣት የዓመት ዕረፍቱ ሲደርስ ባለቤቱንና ልጆቹን ብቻ ሳይሆን፥ ወልደው ያሳደጉትን እናትና አባቱንም ጨምሮ ወደ ሌላ ከተማ ይዞ መሄዱ ነው። ልማዱ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ወጪው ብዙ፥ ጊዜው አጭር፥ የሽማግሌም ጕልበት ውስን ስለ ሆነ፥ የሚያድሩበትን ቤት መምረጥ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም። ጕዞው የሚያምረውም የሚበላሸውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ምርጫ ነው።

በቀድሞ ዘመን እንዲህ ያለው ጥያቄ አልነበረም። መንገደኛ የሚያድረው ከዘመዱ ዘንድ ነበር፤ ዘመድ የሌለው እንደ ሆነም «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ» ብሎ ከደጃፍ ይቆማል፤ የቤቱም ባለቤት እግሩን አጥቦ ያሳድረዋል። በገንዘብ መብላትና ማደር እንደ ነውር ይቈጠር ነበር። እቴጌ ጣይቱ በ1890ዎቹ ዓመታት መጨረሻ፥ በእኛ አቈጣጠር ማለት ነው፥ በአዲስ አበባ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል ባቋቋሙ ጊዜ፥ ሕዝቡ እያፈረ አልገባ ቢል ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ገብተው፥ በልተው ሒሳብ እንደ ከፈሉ እስከ ዛሬ ይተረካል።

ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። «ዘመድ እያለ ሆቴል ምን ያደርጋል?» የሚሉ እናት ዛሬም በየቤቱ አሉ። እንዲህ ማለታቸው ሥልጣኔን ከመጥላት የመጣ ሳይሆን ዘመድ ይቀየማል ብለው ከመሥጋት ነው። ስለዚህ ወጣቱ ክፍል ከመያዙ በፊት በዚያ ከተማ ላለው ዘመድ አስቀድሞ ይንገር፤ ከደረሰም በኋላ አንዱን ቀን ለምሳ፥ ስጦታ ይዞ፥ ሽማግሌዎቹን አስቀድሞ ከቤቱ ይግባ። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፥ በሁለተኛው ብር፥ ከዚያ ያለፈ እንደ ሆነ ግን ብረት ነው እንደ ተባለው፥ ሰባትና ስምንት ሰው ሆኖ በዘመድ ትከሻ ላይ ከመውደቅ ይህ የተሻለ ፍቅር ነው። እናትም አእምሯቸው ዐርፎ ይተኛሉ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ከየትኛው ሆቴል እንረፍ የሚለው ነው። ዛሬ በየከተማው የሚሠሩት አዳዲስ ሆቴሎች ንጹሖች ናቸው፤ ይሁን እንጂ ብዙዎቹ አንዱ ከሌላው አይለይም። መስኮቱ መስተዋት፥ ወለሉ ሴራሚክ፥ ግድግዳው ነጭ ነው። እንግዳው ጧት ነቅቶ ጐንደር ይሁን ሐዋሳ የሚያውቀው ወደ ውጭ ወጥቶ ሲያይ ብቻ ነው። በአንጻሩ ደግሞ የራሳቸው መልክና ታሪክ ያላቸው ቤቶች አሉ፤ ሰፊ በረንዳ፥ የእንጨት ደረጃ፥ ያረጀ ዛፍ ያለበት ግቢ፥ ወይም የአገሩ ሰው በጥንት ወግ የሠራው አዳራሽ።

እኛ ሦስት ትውልድ አብሮ ለሚጓዝ ቤተ ሰብ ይህን ሁለተኛውን ዐይነት እንመርጣለን። ለምን ቢሉ፥ ቤቱ ነገር ያመጣልና ነው። በመስተዋት ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ዝም ብለው ቴሌቪዥን የሚመለከቱት አባት፥ የድሮ በረንዳ ላይ ወንበር ሲሰጣቸው «በእኛ ጊዜ እኮ» ብለው ይጀምራሉ። የልጅ ልጅም ስልኩን አኑሮ መጠየቅ ይጀምራል። አያቱን በበዓል ቀን ብቻ የሚያውቅ ሕፃን፥ ማን እንደ ነበሩና ምን እንዳዩ የሚሰማው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው። ይህ ጊዜ ደግሞ በየዓመቱ የሚመለስ አይደለም፤ ሽማግሌ ቀጠሮ አይሰጥም።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ሐረርን እንውሰድ። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዘመን ባሠሩት ግንብ የተከበበው ጀጐል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በግንቡ ውስጥ ካሉት የጥንት የሐረሪ ቤቶች አንዳንዶቹ ዛሬ እንግዳ ይቀበላሉ። ወደ ዋናው አዳራሽ ሲገቡ ነደባ የሚባሉት መደቦች ከፍና ዝቅ ብለው ይታያሉ፤ እያንዳንዱም መደብ የሚቀመጥበት ሰው በማዕርግና በዕድሜ የተለየ ነበር። በግድግዳው ላይ በልዩ ልዩ ቀለም የተሰፉ ሰፌዶችና ሞሰቦች ተደርድረዋል። አንድ ሕፃን እዚያ ተቀምጦ «ይኸኛው የማን ቦታ ነው?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ፥ ስለ ሽማግሌ ክብር በመጽሐፍ ከሚማረው የበለጠ ያገኛል። ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲመገብ ማየት ደግሞ ልጆቹን ያስደንቃል፤ አያትየው ግን «እኔስ ሲጮኽ እየሰማሁ ነው ያደግኩት፥ ከዚህ አልነሣም» ቢሉ ማስገደድ አይገባም።

የሆነ ሆኖ የቤቱ ውበት ችግሩን አይሸፍነውም። የጀጐል መተላለፊያዎች ጠባብና ዳገት ቍልቍለት ያለባቸው ስለ ሆኑ፥ በብዙዎቹ መኪና አይገባም፤ ሻንጣውም ሰውም በእግር ይሄዳል። መደቦቹ ለልጅ መጫወቻ ቢሆኑም ጕልበታቸውን ለሚያማቸው ሰው ዳገት ናቸው። መጸዳጃው ከመኝታ ክፍሉ ተለይቶ ከግቢው ማዶ የሆነ እንደ ሆነ፥ ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ለሚነሡ ሽማግሌ ፈተና ነው። በዚህ ላይ ከአዲስ አበባ ሐረር በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል፤ ሰውነታቸው በመንገድ የዛለ ሰዎች በደረሱበት ሌሊት ደረጃ ሊወጡ አይገባም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የእኛ አሳብ ይህ ነው። ሆቴል የሚመረጠው በቤተ ሰቡ ውስጥ ከሁሉ በሚደክመው ሰው እርምጃ ተለክቶ ነው። አያትየው በጥንቱ ቤት ያለ ሥጋት መግባትና መውጣት የሚችሉ ከሆነ እዚያው ይደር። የማይችሉ ከሆነ ግን ከግንቡ ውጭ መኪና ከደጁ የሚደርስለት፥ ምድር ቤት ክፍልና ጥላ ያለው ግቢ ያለው ሆቴል ይያዝ፤ ወደ ጥንቱ ቤት ቀን በዝግታ ገብቶ፥ ተቀምጦ፥ ቡና ጠጥቶ መመለስ ይበቃል። ፎቶግራፍ ለማንሣት ያማረ ቤት ይዞ አያትን ከክፍላቸው እንዳይወጡ ማድረግ፥ እርሳቸውን ከቤት ጥሎ ከመሄድ ብዙ አይለይም።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት ባለ ሆቴሉን በስልክ እንዲህ ብሎ መጠየቅ ይጠቅማል።

1ኛ፤ ምድር ቤት ክፍል አለ ወይ? ከመኝታ እስከ መጸዳጃ ስንት ደረጃ አለ? መቀመጫ ያለው ነው ወይስ በቍጢጥ?

2ኛ፤ የሽማግሌዎቹና የልጆቹ ክፍሎች ጐን ለጐን ናቸው ወይ? አንዱ ታች ሌላው ላይ ከሆነ አብሮ መሄዱ ከንቱ ነው።

3ኛ፤ ውኃ በተቋረጠ ጊዜ ሮቶ፥ መብራት በጠፋ ጊዜ ጄኔሬተር አለ ወይ? ሙቅ ውኃስ በየትኛው ሰዓት ይገኛል?

4ኛ፤ ለጿሚ የጾም ምግብ፥ ለሕፃን ቅመም የሌለው፥ ሐኪም ጨው ወይም ስኳር ለከለከለው ሰው የሚሆን ይዘጋጃል ወይ?

5ኛ፤ እናት በግቢው ጀበና ጥደው ቡና ቢያፈሉ ይፈቀዳል ወይ? ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የተከራዩትን ቤት ለሦስት ቀን የራስ ቤት የሚያደርገው ይኸው ነው።

6ኛ፤ ማታ ከሥር ሙዚቃ ቤት አለ ወይ? የድሮ ሆቴሎች ብዙዎቹ በመኻል ከተማ ስለሚገኙ ይህን አለመጠየቅ እንቅልፍ ያሳጣል።

ለእነዚህ ጥያቄዎች ጥርት ያለ መልስ የማይሰጥ ሆቴል፥ ታሪኩ የቱንም ያህል ቢወራ ይቅር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና፥ በአንድ ፎቶግራፍ ተታሎ ገንዘብ መላክ አይገባም።

ለባለ ሆቴሎችም የምንለው አለን። ያረጀ ቤት የተጐዳ ቤት መሆን የለበትም። በእንጨቱ ደረጃ ላይ የእጅ መደገፊያ መግጠም፥ መተላለፊያውን በመብራት ማሳየት፥ አንድ ሁለት ክፍል ከነመታጠቢያው ለሽማግሌ ማዘጋጀት የቤቱን መልክ አያጠፋውም። የእሳት ጥንቃቄ ደግሞ ከሁሉ ይቅደም። የጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. በተነሣው ቃጠሎ ብርቱ ጕዳት እንደ ደረሰበት አንረሳም፤ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የቆየ የእንጨት ሥራ በጥቂት ሰዓት ሊጠፋ ይችላል። ማጥፊያ መሣሪያና መውጫ በር ለእንግዳው ነፍስ ብቻ ሳይሆን ለቤቱም ዕድሜ ናቸው።

ወጣቶች ሆይ፤ የጥንት ቤት የሚቆየው የሚያድርበት እንግዳ ሲያገኝ ነው፤ የሽማግሌም ወሬ የሚቆየው የሚሰማው ልጅ ሲያገኝ ነው። ሁለቱን በአንድ በረንዳ ላይ ለማገናኘት የሚያስፈልገው ከፍ ያለ ሀብት ሳይሆን አስቀድሞ ማሰብና ጠይቆ መረዳት ነው። የሚቀጥለው ዕረፍታችሁ ሲደርስ፥ ሆቴሉን ከመምረጣችሁ በፊት እናታችሁ ስንት ደረጃ እንደሚወጡ ቍጠሩ።