ዲግሪው ካለ ፒችትሪው ለምን በኋላ?

ሰሞኑን አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ «ጁኒየር አካውንታንት» የሚል የሥራ ማስታወቂያ አየሁ። የትምህርት ደረጃ፦ ዲግሪ። ልምድ፦ 2 ዓመት። ከሥሩ «ፒችትሪ የግድ ነው» ይላል። ጁኒየር ተብሎ 2 ዓመት ልምድ መጠየቁን ለጊዜው እንተወው። እኔን የያዘኝ ፒችትሪው ነው።

አካውንቲንግ ተምሬ የተመረቅኩት ዴቢትና ክሬዲት በወረቀት እየሠራሁ ነው። ፒችትሪን ያወቅኩት ከተመረቅኩ በኋላ፣ ቤተሰብ ገንዘብ አስቸግሬ፣ በግል ማሠልጠኛ ነው። አብረውኝ የተቀመጡት በሙሉ ዲግሪ ያላቸው ነበሩ! ፔይሮል መሥራት፣ ከሠራተኛው 7 ከአሠሪው 11 በመቶ ጡረታ አስልቶ ማስገባት፣ የቫት ማሳወቂያ መሙላት፣ ይሄን ሁሉ በእጄ የሞከርኩት እዚያ ነው።

«ኢንተርንሺፕ አልወጣህም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ወጥቻለሁ። የተመደብኩበት መሥሪያ ቤት ፎቶ ኮፒ ሳደርግና ፋይል ስደረድር ከረምኩ። ኮምፒውተሩ ጋ አላስጠጉኝም። ብሳሳት ተጠያቂዎቹ እነሱ ናቸውና ብዙም አልፈርድባቸውም። መጨረሻ ላይ የግምገማ ቅጹ «በጣም ጥሩ» ተብሎ ተሞላ፣ ማኅተም ተመታበት፣ አለቀ። ከዩኒቨርሲቲው መጥቶ ያየኝ ሰው የለም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኗል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ፈተናውን አልቃወምም። ግን ከአራት ምርጫ አንዱን መንካትና የተዝረከረከ የደረሰኝ ክምር ተቀብሎ የወር ሒሳብ መዝጋት ለየቅል ናቸው። ተማሪውም መምህሩም የሚሮጡት ወደሚመዘነው ነው። ኢንተርንሺፑ በማኅተም እየታለፈ ፈተናው ብቻ ከከበደ፣ የመጨረሻው ዓመት የጥያቄ መለማመጃ ሆኖ ይቀራል። ተማሪው የአንድ ወር ሙሉ ሒሳብ ሠርቶ፣ በመምህሩና በአንድ የድርጅት ሒሳብ ባለሙያ ፊት ቢያስረዳና ውጤት ቢያዝበት ምናለ?

ቀጣሪዎችም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። ሁሉም የበሰለ እንጀራ ይፈልጋል፤ ምጣዱን የሚያሰማ ግን የለም። 2 ዓመት ልምድ የሚጠይቀው ድርጅት ለስንት ተለማማጅ ወንበርና ኮምፒውተር ሰጥቷል?

እኔ ሥራ ፍለጋው ሲያታክተኝ የሰፈራችንን ሱቅ ገቢና ወጪ ለ3 ወር በነፃ ያዝኩ። ባለሱቁ መጀመሪያ ላይ ግብር ሊያስጨምርብኝ ነው ብሎ ፈርቶ ነበር። በኋላ የትኛው ዕቃ እንደሚያከስረው ሳሳየው ሻይ በነፃ ሆነልኝ። ኢንተርቪው ላይ ግማሽ ሰዓት የጠየቁኝ ስለዚያ ሱቅ ነው። ስለ ውጤቴ አንድም ጥያቄ አልመጣም።