«ፊልሙን አይተነዋል» ማለት መልስ አይደለም

በየውይይታችን «ፊልሙን ስላየነው መጽሐፉን ማንበብ አያስፈልገንም» የሚል አዝማሚያ ሥር እየሰደደ ነው። ይህን አዝማሚያ አጥብቀን እንቃወማለን።

ለአብነት የጆን ስታይንቤክን «ዘ ግሬፕስ ኦፍ ራዝ» እንውሰድ። መጽሐፉ በ1939 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ የጆን ፎርድ ፊልም በ1940 ወጣ። ሁለቱም ከኦክላሆማ መሬቱ ተፈናቅሎ ወደ ካሊፎርኒያ የተሰደደውን የጆድን ቤተሰብ ይከተላሉ። ዋናው ልዩነት ከቅደም ተከተሉ ላይ ነው። በመጽሐፉ ቤተሰቡ በመንግሥት ሠፈር ጥቂት ካረፈ በኋላ ሥራ አጥቶ ይወጣል፤ አድማ የመራው ኬሲ የሚገደለው ከዚያ ወዲያ ነው፤ ፍጻሜውም ጎርፍና ረኃብ ነው። በፊልሙ ግን ግድያው ቀደመ፤ ሠፈሩ ወደ መጨረሻው ተገፋ፤ ከዚያ ሲወጡ እናትየው የምታሰማው የተስፋ ንግግር መዝጊያ ሆነ። እንግዲህ ቦታ በመለዋወጥ ብቻ ጊዜያዊው መጠለያ መፍትሔ መሰለ!

ፊልሙን አንንቅም። ማንበብ ላልታደለው ወገን የገበሬውን መፈናቀል በዓይኑ አሳይቷል፤ ይህ ቀላል ውለታ አይደለም። ነገር ግን ታሪክን የሚያሳጥር እጅ ፍርድም እንደሚሰጥ መዘንጋት የለብንም።

ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ፣ «የትኛው ያምራል?» የሚለውን ክርክር እንተው። «ምን ተቀነሰ? ምን ከቦታው ተነሣ? ማንን ላለማስቆጣት?» ብለን እንጠይቅ። ይህን ለመጠየቅ ግን አስቀድሞ ማንበብ ግዴታችን ነው። ባልተነበበ መጽሐፍ ላይ የሚሰጥ አስተያየት ምስክር ሳይሰማ የተሰጠ ፍርድ ነው።